ጫጉላ በአሰብ፣ ዋስ በጉለሌ

ሌላው ሰው ጫጉላውን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል። እኔ ትዝ የሚለኝ ባሌን እንደ ሌባ ስጠብቀው የዋልኩበት ቀን ነው። አሰብ ላይ፣ ባሕሩ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ፣ ዓሣው እየተጠበሰ፣ እኔ ግን ዓይኔን ከሰውዬው እግር አልነቀልኩም። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይሄ ጫጉላ ነው?

ነገሩ የተጀመረው ጉለሌ፣ ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለመውጣት ይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ናዝሬት ለሚሄድ ሰው ወረቀቱ ይበቃዋል። አሰብ ለሚሄድ ግን ዋስ ይጠራል፤ ከአሰብ ማዶ ሌላ አገር አለ፣ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሊቀመንበሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በግልጽ ነገረን። "በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁለታችሁም እዚህ ጠረጴዛ ፊት ካልቆማችሁ ዋሳችሁ ይገባል" አለ። የት እንደሚገባ መናገር አላስፈለገውም።

ዋሳችን አባባ ነበሩ፤ ወላጅ አባቴ።

አባባ አናጢ ናቸው። መዶሻ ሲያውሱ እንኳ "መቼ ትመልሳለህ?" ብለው ሦስት ጊዜ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜን ከምሳ ላይ አስነሥተው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። አልቅሰን እንኳ አልወጣልንም፤ ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ድንኳን መትከል አይፈቀድም ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ከእንጨት በቀር የሚያምኑት ነገር አልነበራቸውም። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ብዕሩን ተቀብለው፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ ቅጹን ሳያነቡ የፈረሙት። "ምነው አባባ፣ አያነቡትም?" ብላቸው "ምን ይነበባል፣ ያው ወረቀት ነው" አሉኝ። ገረመኝ።

ባሌ ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ነበር። ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ነው የሚውለው። የአሰብ መንገድ ሹፌሮች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው፤ ስሙን ከእኔ በፊት እነሱ ያውቁታል። ከተዋወቅን አራት ወር፣ ከተጋባን ደግሞ ገና ሁለት ወራችን ነበር። ሽማግሌ ሲልክ አባባ በመጀመሪያው ቀን "እሺ" አሉ። በመጀመሪያው ቀን! የሰፈራችን ወግ ሌላ ነው፤ የሴት ልጅ አባት ሽማግሌዎችን "እስቲ ከዘመድ ልምከር፣ ሳምንት ተመለሱ" እያለ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል፤ ያለዚያ ልጅቱን ለማባረር የቸኮለ ይመስላል። እናቴ በዚያ ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ ባሌ "ባሕር ላሳይሽ" አለኝ።

"ባሕር? የቀጨኔ ወንዝ መች አነሰኝ!"

"አትቀልጂ፤ አንድ ሹፌር ወዳጄ ገቢና ውስጥ ይወስደናል። ጭነት እስኪሞላ አሰብ አንድ ቀን ያድራል፤ እኛ በዚያች ቀን ከተማውን አይተን፣ ዓሣ በልተን እንመለሳለን።"

ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በማኅበር ስፌት ቤታችን የወታደር ኮሌታ ስገጥም የምውል ሴት ባሕር ቢሏት ለምን ደስ አይላት? ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። እናቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሳትል አንድ ቀን አይመሽላትም። በዚያ ላይ አንዲት ጎረቤታችን፣ እግዜር ይይላትና፣ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን አጥር ላይ ተንጠልጥላ ጠራችኝ። "ልጄ፣ ለላጤ ጎረምሳ የአሰብ ይለፍ አይሰጠውም። ሚስት ላለው ነው የሚሰጠው። እንዲያው ለይለፍ ብሎ እንዳይሆን ያገባሽ" አለችኝና ጎመኗን ልትቀነጥስ ተመለሰች።

አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ ሚስት መሆኔ ቀርቶ ኬላ ሆንኩ።

ነገሩን ሁሉ ማገጣጠም ጀመርኩ። ወረቀቱ ላይ "አሰብ የሚኖሩ አክስታቸውን ለመጠየቅ" ይላል፤ አክስት እንዳለው ሰምቼ አላውቅም። የሱቁን ቁልፍ ለባልንጀራው ሰጥቷል። ስንነሳ ደግሞ ወርቄን፣ የጆሮ ጉትቻዬንና ቀለበቴን፣ ላወልቅ ስል "ተይ፣ አድርጊው" አለኝ። እስቲ አሁን ሦስት ቀን በጭነት ማኪና ለሚሄድ ሰው ወርቅ ምን ያደርግለታል? ሊሸጠው ነው አልኩ በሆዴ፤ ሸጦ ለጀልባው ሊከፍልበት። እሱ ማዶ ይሻገራል፣ እኔ ባዶ ጆሮዬን ይዤ ጉለሌ እመለሳለሁ፣ አባባ ይገባሉ። ወንድሜ የሄደበት ይሄዳሉ።

አባባ ማኪናው ድረስ ሸኙን። አቅፈው አልለቅ አሉኝ። ስለፈሩ ነው ብዬ በጆሯቸው "አይዞዎት፣ አልቀርም" አልኳቸው። ይበልጥ አጥብቀው ያዙኝ።

ሦስት ቀን ተጓዝን። ኬላ በደረስን ቁጥር ባሌ ከሸሚዙ የግራ ኪስ ወረቀቱን እያወጣ ያሳያል፣ ተመልሶ ይከተዋል፣ እኔ ኪሱን አያለሁ። የአንድ ሰው ኪስ እንደዚያ ተጠብቆ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ብንን ስል ባሌ አተኩሮ ሲያየኝ አገኘሁት። "ምን ታያለህ?" አልኩት። "ምንም" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሰው ምንም ካላየ ፊቱን ለምን ያዞራል?

አሰብ ሌሊቱን ደርሰን በማለዳ ወደ ከተማው ወጣን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ አዲስ አበባ ሰው ጋቢ ደርቦ ይንዘፈዘፋል፤ እዚያ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልብሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ፍየሎቹ ሣር ስለማያገኙ ካርቶን ይበላሉ። ቤቶቹ ባለ እንጨት በረንዳ ናቸው፤ ሰዉ ሽርጥ አገልድሞ በረንዳው ላይ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል። በስተሩቅ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጫፉ ላይ ቀን በቀን እሳት ያነድዳል። ሹፌሩ ከወደቡ በር ላይ አወረደንና "ነገ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት! የቀረ ቀረ!" ብሎ እየሳቀ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም።

ባሕሩን ሳየው ግን፣ ወይ ጉድ! ረሳሁት ሁሉን። ይሄ ሁሉ ውኃ! ማለቂያ የለው፣ አጥር የለው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ።

ባሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጨው መሆኑን አታውቂም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሰው ስላለ አላምንም።"

ሳቁ ቆመ። እኔም ያን ጊዜ ሥራዬ ትዝ አለኝ።

"አክስትህ ቤት አንሄድም?" አልኩት።

"የምን አክስት?"

"ወረቀቱ ላይ ያለችው።"

"እሷማ" አለ ራሱን እያከከ፣ "ወረቀቱ ላይ ነው የምትኖረው። እንዲያው ባሕር ለማየት ብዬ ብጽፍ ማን ይፈርምልኛል?"

መልሱ መልስ ነው፤ ልክ ነው እንኳ። ግን አክስት የፈጠረ ሰው ሌላስ ምን አይፈጥርም?

ከተማውን ዞርን። ሽቶ የሚሸጡ፣ ሽርጥ የሚሸጡ፣ ዛጎል ደርድረው የሚጠሩ ሱቆች አየን። ባሌ ጠንካራ ነጠላ ጫማ ገዛልኝ፤ ለእግሬ እየለካ፣ ማሰሪያውን በእጁ እየጎተተ፣ "አይበጠስም?" እያለ ባለሱቁን አስጨነቀው። ቀጥሎ አንድ ኮዳና አንድ ላስቲክ ቴምር ገዛ። "ምን ሊያደርግልን?" አልኩት። "ለመንገድ" አለኝ። ለየትኛው መንገድ? የሹፌሩ ማኪና ላይ በርሜል ሙሉ ውኃ አለ፤ ምግብ ቤት ደግሞ በየከተማው ሞልቷል። ኮዳው አንድ ነው። ቆጠርኩ እኮ! አንድ ኮዳ የአንድ ሰው ነው። ነጠላ ጫማው ደግሞ ማባበያዬ መሆኑ ነው አልኩ።

ለምሳ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ምግብ ቤት ገባን። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ እንደ መጽሐፍ ተዘርግቶ፣ በርበሬ ተቀብቶ ወደ ጉድጓድ ምድጃ ይወርዳል። ቂጣውንም እዚያው ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነው የሚጋግሩት። ሽታው ብቻ ሰው ይገድላል። ችግሩ ጾመ ነቢያት ላይ ነን።

"ጾም ነው" አልኩ።

"ዓሣ በጾም ይበላል።"

"ማን አለ?"

"የኛ ሰፈር የቄስ ልጅ ሲበላ አይቻለሁ።"

"የቄስ ልጅ! እሱማ ሥጋም ይበላል፣ አባቱ እያዩት መሰለህ?"

"እንግዲህ አሰብ ድረስ መጥተሽ ሽሮ ፍለጋ ልትዞሪ ነው?"

በላሁ። ኋላ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ አምስት ስግደት አዘዙኝ፤ ዓሣው አሥርም ያሳዝዝ ነበር። ጣታችን እየተቃጠለ ከአጥንቱ እየገነጠልን በሎሚ... እ... ገነጠልን ስል እኔ ነኝ የምገነጥለው። ባሌ አልበላም። እሱ እሾሁን እየለቀመ ያጎርሰኛል። "ብይ። ይችን ደግሞ። ብይ እንጂ።" አንድ ሙሉ ዓሣ አበላኝና ሌላ አዘዘ።

"አንተስ?"

"ጠግቤያለሁ።"

ሰው ያልበላውን ይጠግባል? ልቡ የሸፈተ ሰው እንጀራ አይወርድለትም ስትል እናቴን ሰምቻታለሁ። ጉርሻውን እየዋጥኩ ተናደድኩ። ደግ ሆኖ ሊሰናበተኝ ነው፤ በቁሜ ሊያስተዛዝነኝ! ተነሥቼ ሳህኑን ባለብሰው ደስ ባለኝ። ግን ዓሣው ጥሩ ነበር።

ከምሳ በኋላ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ዳርቻ ወሰደኝ። አንድ ጥርሱ በጫት የበለዘ፣ ሽርጡን ጉልበቱ ድረስ የሰበሰበ ጀልበኛ መረብ ይጠግናል። ባሌ "እዚህ ጠብቂኝ" ብሎኝ ወደ ሰውዬው ሄደ። ቁጭ ብለው አወሩ። ሰውዬው አንገቱን አስግጎ እኔን አየ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። አንድ። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ጀልበኛው ወደ ፀሐይዋ ጠቆመና እጁን ወደ ታች ዝቅ አደረገ፤ ስትጠልቅ ማለቱ ነው።

ክው አልኩ። አንድ ሰው። ፀሐይ ስትጠልቅ። ይሄን የማይረዳ ማን አለ?

"ምን አለህ?" አልኩት ሲመለስ።

"የዓሣ ዋጋ ነው።"

"አሁን የበላነው አልበቃህም?"

"ለነገ" አለና ላቡን ጠረገ። ዓይኔን አላየውም።

እንግዲህ ልጮህ እችል ነበር። ሄጄ ለወታደር ልነግርበት እችል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ባሏን ያስያዘች ሴት አልሰማንም አንልም። አላደረግሁትም፤ ይሄን አንድ ነገር ለራሴ እመሰክራለሁ። ግን አባባ በዓይኔ ላይ መጡ፤ እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ እያጎነበሱ፣ ወንድሜ በወጣባት በር ሲወጡ። እየጠበቅሁ ሳለ ባሌ ራሱ መንገዱን ሰጠኝ። "ሙቀቱ ገደለኝ፤ ልታጠብ" ብሎ ሸሚዝና ሱሪውን አሸዋው ላይ ትቶ ውኃ ውስጥ ገባ።

ከኪሱ ወረቀቱን ወሰድኩ። አራት አጥፌ ከጡት መያዣዬ ሥር ከተትኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ዳርቻውን ወታደሮች ይዞሩበታል፣ ያለ ይለፍ ወደ ጀልባ መጠጋት አይችልም። ባይሆንም፣ እሱ ቢያመልጠኝ እንኳ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ ስለ አባባ እለምናለሁ። ልብሱን እንደነበረው አጥፌ አስቀመጥኩለትና ቴምር መብላት ጀመርኩ። የተረጋጋሁ ሴት ነበርኩ።

ከውኃው ወጥቶ ሲለብስ ሁለት ወታደሮች መጡ።

"ይለፍ!" አለ አንደኛው።

ባሌ እጁን ወደ ግራ ኪሱ ሰደደ። ባዶ ነው። ቀኙን ፈተሸ። ሱሪውን፣ የኋላ ኪሱን፣ እንደገና ግራውን። አሸዋውን በእጁ መቧጠጥ ጀመረ።

"ወረቀት የሌለው ሰው ጀልባ አጠገብ ምን ይሠራል?" አለ ወታደሩ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና አቀባበለ። "ተንበርከክ!"

ተንበረከከ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ባሕሩ ነው ያየው። እኔ ተቀምጬ ነበር። ለምን እንደዘገየሁ ዛሬም አላውቅም። ውሸት! አውቃለሁ። ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር። ሲፈራ፣ ሲጋለጥ፣ እንደያዝኩት ሲያውቅ ማየት ፈልጌ ነበር። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበት ያህል ዘገየሁ።

ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀቱን ከጉያዬ አወጣሁና ዘረጋሁላቸው። በላብ ርሷል። ወታደሩ በሁለት ጣቱ ይዞ አነበበው፣ ባልደረባውን አሳየው፣ ሁለቱም ሳቁ። "ጓድ" አለ ለባሌ፣ "ሚስትህ ከእኛ ትብሳለች። ተነሣ።" ወረቀቱን ለእኔ መልሰው እየሳቁ ሄዱ።

ባሌ አልተነሣም። እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

"መቼ ወሰድሽው?"

"ስትታጠብ።"

"ለምን?"

"እንዳትሄድብኝ።"

"እኔ?" አለ። ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ "እኔ?" አለ እንደገና።

"ያቺ አንዲት ጣትስ? ኮዳውስ? ወርቄስ? እኔ ሞኝ መሰልኩህ? አባቴን አስበልተህ ልትሄድ!" ሁሉንም አወረድኩበት፤ የቀኑን ሁሉ፣ የሦስቱን ቀን መንገድ ሁሉ። እጁ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጀልበኛው መጣ። ራቅ ብሎ ቆሞ ባሌን አየው። ባሌ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ሰውዬው ቆየ፤ ባሌ ደግሞ ወዘወዘ። ጀልበኛው ትከሻውን ሰብቆ ጀልባውን ገፋና ሄደ። ጀልባዋ የምስማር ራስ እስክታህል ድረስ አየኋት። እሰይ! አልኩ በሆዴ። አባባን አተረፍኩ! እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እራት ላይ ባሌ ዓሣ አዝዞ ያለ የሌለውን በላ፤ ቀኑን ሙሉ እህል ያልቀመሰው ሰው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "በርበሬው ነው" አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ጉለሌ ገባን። እናቴ ከሩቅ አይታን እልልታዋን አቀለጠችው። አባባ ግቢው ውስጥ ሳንቃ እየላጉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። መላጊያው ከእጃቸው ወደቀ፤ በቁማቸው ወደ ኋላ አሉና የተከመረው እንጨት ላይ ተቀመጡ።

"አባባ! ደህና ነዎት? ይኸው መጣሁ!"

ባሌን ነው ያዩት። "ምን ሆንክ?"

"አልቻልኩም፣ አባባ" አለ ባሌ።

"ቃል ሰጥተኸኝ! ልጄን የሰጠሁህ በዚህ ቃል አይደለም?"

እኔ መሐል ቆሜ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሱን አያለሁ። "የምን ቃል?" አልኩ። "አባባ፣ ዋስ ሆነውልን እኮ ነው የመጣሁት! ባልመለስ እርስዎ..."

"ዋስ የሆንኩት እንድትመለሺ መሰለሽ?" ብለው ጮሁ። አባባ በእኔ ላይ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ እልልታው አፏ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የቀበሌው አንድ ሰው፣ አባባ የቤቱን በር ያበጁለት፣ በሚፈለጉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሜ ከወንድሜ ስም ሥር ተጽፎ ማየቱን ሹክ ብሏቸው ነበር። መምጣታቸው አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ጎሚስታው ሽማግሌ ሲልክ፣ የአሰብ ሹፌሮችን እንደሚያውቅ አባባ ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው በአንድ ቀን እሺ ያሉት፣ "ልጄን ካሻገርክልኝ ውሰዳት" ብለው። ጀልባው ላይ የነበረው አንድ ቦታ የእኔ ነበር። ኮዳው፣ ቴምሩ፣ ጫማው፣ የምሸጠው ወርቅ፣ ሁሉም የእኔ። ባሌ ብቻውን ተመልሶ ከአባባ ጋር ሊታሰር ነበር ስምምነታቸው። "አስቀድመን ብንነግርሽ" አሉ አባባ፣ "እኔን አሳስረሽ እንደማትሄጂ አውቃለሁ። አፋፉ ላይ ሲያደርስሽ ይነግርሽ ነበር።"

የዚያን ዕለት ባሌን ጓዳ ይዤ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ከታጠብኩ በኋላ ልነግርሽ ነበር" አለ። "ቀኑን ሙሉ አቃተኝ፤ ስታጠብ ቆረጥኩ። ወረቀቱን ከጉያሽ ስታወጪ ሳይ ግን... አንቺ እኔን አላመንሽኝም፤ ከማታውቂው ሰው ጋር በጨለማ ባሕር ላይ ሂጂ ብልሽ ትሄጃለሽ? ትጮሂያለሽ፤ ሁላችንም እናልቃለን።" ቆየና ደግሞ "እውነቱን ልንገርሽ፣ ራሴን ለጀልበኛው ስወዘውዝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለዚህ ነው አባትሽን ቀና ብዬ ማየት የማልችለው" አለ። እኔም ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ፣ አፌ ለሁሉ ነገር የሚፈጥነው ይቅርታ ለምትለው ቃል ግን ተሳሰረ።

በማግሥቱ ቀበሌ ቀርበን መመለሳችንን አስመዘገብን። ሊቀመንበሩ "ጎበዞች!" አለን።

መጡ። ሁለት ሳምንት አልሞላም። ስለ ታሰርኩበት ዓመት ከመንፈቅ እዚህ አልተርክም፤ ወጥቼ ይኸው አለሁ። ያቺን ጠዋት ብቻ ነው የምነግራችሁ። ሦስት ሆነው ገቡ፤ አንደኛው ያ ሊቀመንበር ነው። ስሜን ጠራ። አባባ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ከጓዳ ወጡ፤ እነሱ ገና በር ሲያንኳኩ ነው የለበሱት። በሩና በእኔ መሐል ቆሙ።

"ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ። "ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ እናንተው ዘንድ አለ። እኔን ውሰዱኝ።"

ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። በእጁ ቀስ አድርጎ ትከሻቸውን ይዞ ወደ ጎን አደረጋቸው።

"የእርስዎ ዋስትና አብቅቷል፣ አባት" አላቸው። "ልጅዎ ተመልሳለች።"